የግራዝማች በቅሎና ያልተጠየቁት

«ዛሬም አላለቀም?»

ሮማነወርቅ አገልግሉን ከጀርባዋ አውርዳ ከአጥሩ በር ላይ ዘፍ አለች። በረኛው የሚያየው አገልግሉን ብቻ ነው።

ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት ዓመተ ምሕረት መቱ ላይ እንደተቀመጠው ያለ አውጫጭኝ በኢሉባቦር ምድር ከዚያ በፊትም አልታየ፣ ከዚያ በኋላም አይታይም። ከዋንዛው ሥር የተኮለኮለው ወንድ የሶር ወንዝን ጠጠር ያስንቃል። ወሬው ያዮ አድሮ፣ ኖፓን ዞሮ፣ ጎሬ ደርሶ ተመልሷል። ነገሩ ምንድን ነው ቢሉ የግራዝማች ሸዋንግዛው በቅሎ ጠፍታለች።

ደንቡ ደንብ ነው። የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ አጥር ውስጥ ይገባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱን አያይም። አንድ ነገር ያየ ሰው ለሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ የተናጋሪው ስም አይነሣም። ሦስት ቀን ሙሉ ግን አንዲት ወፍ ትንፍሽ አላለችም።

ይህ ሁሉ ወንድ መብላት አለበት። ለእሱ ደንብ አላስፈለገም፤ ሴቶች አሉ። ሲፈጩ ያድራሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ባዶውን ተሸክመው ይሄዳሉ። የአሥራ አራት ዓመቷ ሮማነወርቅ በሦስት ቀን የተመላለሰችው መንገድ ቢቀጠል ጎንደር ያደርስ ነበር።

የሚያበግናት ግን ሸክሙ አይደለም። በቅሎዋ እንዴት እንደጠፋች ታውቃለች። እናቷም ታውቃለች። ውኃ የወረዱት አሥራ አንድ ሴቶች በሙሉ ያውቃሉ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግራዝማች ከሰርግ ሲመለሱ፣ አሽከሮቻቸው ገና ጠጁን አልጨረሱምና ብቻቸውን ነበሩ። የሶር መሻገሪያ ላይ ወርደው ፊታቸውን ታጠቡ። ዛፍ ተደግፈው ትንሽ አረፍ አሉ። ከዚያ አንኮራፉ፤ ማጋነን አይምሰልብኝ እንጂ የማዶው ዝንጀሮ ሁሉ ደንግጦ ሸሸ። ልጓሙ ከእጃቸው ወደቀ። በቅሎዋም እንደ ጨዋ ሴት ቀስ ብላ ወንዙን ተሻገረችና ጫካ ገባች። የሮማነወርቅ እናት ጥሩአየሁ ልትመልሳት ብትሞክር እንስራዋን በእርግጫ ሰበረችባት። ስለ እንስራው እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። ግራዝማች ሲነቁ «ሌባ!» ብለው ጮኹ፤ በማግስቱ አዋጅ ተነገረ።

ሮማነወርቅ በዚያ ምሽት ግራዝማች ከተኙበት ወድቆ ውኃው ሊወስደው የነበረውን የዝንብ ጭራቸውን፣ እጀታው ብር የሆነውን፣ አንሥታ ነበር። እመልሳለሁ ብላ ሦስት ቀን ከእንጀራው ሥር ይዛው ትመላለሳለች። ሌባ እንዳይሏት ግን አላወጣችውም።

አባቷ ገብረ መድኅን ምሳውን ሊቀበል ወደ በሩ መጣ።

«አባባ፣ ትናንትም ነግሬዎታለሁ። ማንም አልሰረቃትም።»

«ቀስ! ቀስ በይ! አንቺን አውጫጭኝ ምን አገባሽ? ወፍ የሚሆነው ወንድ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ይሁኑልኛ!»

«ምን ብዬ? ግራዝማች ሰክረው ተኝተው ነበር ብዬ? ጎሬ ወህኒ ልታስገቢኝ ነው?»

«ሃያ ሁለት ዓይን ነው ያየው።» ትንሽ አሰበችና አረመች፤ «እማማ ወለተ ማርያም አንዱ ስለማያይላቸው ሃያ አንድ ይበሉት።»

«የሴት ዓይን!» አለ አባቷ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ። «በወንድ ጉዳይ የሴት ዓይን አይቆጠርም።»

«የሴት እንጀራ ግን ይቆጠራል። ትናንት አንድ አነሰ ብላችሁ ተቆጥታችሁናል።»

አባቷ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከዋንዛው ሥር ጫጫታ ተነሣ። ከያዮ በኩል ማር እያመጣ የሚሸጠውን ምንዳዬን ሁለት ሰዎች ገፍተው አቁመውታል። እንዳያመልጥ የእሱ ጋቢ ጫፍ ከአንድ ወታደር ጋቢ ጋር ተቋጥሯል።

«ጫካውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም» አሉ ሽማግሌው ወልደ ማርያም። ድካም ድምፃቸውን አጥፍቶታል። «ወፍም ባትናገር ልብ ይናገራል። ዛሬውኑ ጎሬ ይወሰድ፤ እኛም ቤታችን እንግባ።»

«ይወሰድ! ይወሰድ!» አለ ጉባኤው። ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ፍርዱ ፈጣን ነው።

ምንዳዬ ዞር ሲል በሩ ላይ አያት። ገበያ ላይ ማር ከነሰፈፉ ቆርጦ በነፃ የሚያቀምሳት ሰው ነው። «ማል ጎና፣ ልጄ? ምን ይደረጋል?» አለ፤ የተቋጠረውን ጋቢ እያሳየ።

ሮማነወርቅ አባቷን አየችው። አባቷ እንጀራውን አየ።

ያን ጊዜ እጇን አገልግሉ ውስጥ ከተተች። እናቷ ጥሩአየሁ ሌላ አገልግል ተሸክማ ከኋላዋ ደርሳለች። ልጇ ምን እንደያዘች አየች። ሮማነወርቅ «ተመለሺ» እንድትላት ጠበቀች።

«ከገባሽ» አለች እናቷ፣ «ነጠላሽን አስተካክዪ።»

በረኛው «ወዴት ነው?» ሳይል አለፈችው። ምግብ ይዛ ነዋ የመጣችው። በሰው መካከል የሄደችው ሃያ እርምጃ ሃያ ጋሻ መሬት ሆነባት። ጭራውን ከግራዝማች እግር ሥር አስቀመጠች። ግራዝማች እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደዱ፤ ባዶ ነው። ከዚያ ጭራውን አዩት። ከዚያ ሰማዩን አዩ።

«ሶር መሻገሪያው ላይ፣ እርስዎ ከተኙበት ነው ያገኘሁት» አለች። «በቅሎዋ ብቻዋን ወደ ጫካ ገባች። የሰረቃት የለም።»

ወልደ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ… ወፍ ተናገረች እንበል። ስም አያስፈልግም። ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ።»

«ወፍ አይደለሁም፣ አባቴ። ሮማነወርቅ ገብረ መድኅን ነኝ። ያየሁትም በዓይኔ ነው። ውጭ ደግሞ አሥር አሉ፤ ይጠየቁ።»

ማንም «ይጠየቁ» አላለም። ማንም ደግሞ «አይጠየቁ» ለማለት አልደፈረም።

ሮማነወርቅ ባዶ አገልግሏን ከጎኗ አደረገች። የዕለቱ ሁለተኛ ሸክም ቤት ይጠብቃታል። ሴቶቹ እስኪጠየቁ ግን አትሄድም፤ ጋቢው ገና ካልተፈታለት ከምንዳዬ አጠገብ፣ ሣሩ ላይ፣ በወንዶቹ መካከል ተቀመጠች።