በቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ሰባት ጓጉንቸሮች

ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ሎሬታ ፊንች ለአሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮባት ኖሯል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ኃይል የሚያቋርጠውን ብሬከር ያጠፋና ማንም እንዳያበራው የራሱን ጓጉንቸር ከነስም ካርዱ ያንጠለጥልበታል፤ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ ከባለቤቱም አንገት አይወርድም። ካቦው ድዋይት ረስክ ግን ሲቸኩል የሰው ጓጉንቸር በብረት መቁረጫ ይቆርጣል። የእሷን ሰባት ጊዜ ቆርጧል። ስትናገር «የማኅበረሰብ ኮሌጅ ወረቀት ይዛ ልታስተምረን መጣች!» ብሎ ሰው አሳቀባት። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሆነች በኋላም ሰላም ይሁን ብላ ዋጠችው። ቁርጥራጮቹን ግን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ መኪናዋ ውስጥ አኖረቻቸው።

ያን ቅዳሜ፣ ለችግረኞች ምግብ የሚታደልበትን የከተማዋን አዳራሽ ሽቦ በነጻ እንዲቀይሩ ሠራተኞቹን የጠራቻቸው እሷ ነበረች። ዕቃ ገዝታ ስትመለስ፣ ሙያውን ያስያዛት ሽማግሌ ኤመት ሃስክ ምድር ቤት ከመሰላሉ ሥር በኤሌክትሪክ ተመትቶ ሞቶ ጠበቃት።

«የሚሠራበትን ትቶ አጠገቡ ያለውን ብሬከር ነው የቆለፈው» አለ ሸሪፍ ኦግል። «የራሱ ስሕተት ብዬ ልጽፍ ነው።»

«አርጅቶ ነበር፣ እህቴ» አለ ረስክ። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ከቤቱ ሳይወጣ ዶናት ይገምጣል፤ ስኳሩ ጢሙ ላይ ተለጥፏል።

«እህቴ አትበለኝ» አለች ሎሬታ። «ሸሪፍ፣ ቆይ። ኤመት እንዝህላል ተብሎ አይቀበርም።»

የአዳራሹን ምግብ አብሳይ ቨርናን ጠየቀቻት።

«ኤመት ሲጀምር አይተሽዋል?»

«አየሁት እንጂ! በዚያች ኃይል መኖሩን በምታሳይ መፈተሻው ሽቦውን ሦስቴ ነካ ነካ አድርጎ ነው ሥራ የጀመረው፣ እንደ ጸሎት። እኔ ማቀዝቀዣዬ ጠፍቶ ዶሮው ሊበላሽብኝ ነው ብዬ ድዋይትንም ቲዮንም ስጨቀጭቅ ነበር። በኋላ ማቀዝቀዣው ጉርር አለ። ወዲያው የሚወድቅ ነገር ሰማሁ።»

«አንተስ ቲዮ፣ የት ነበርክ?» አለች ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዞራ።

«ጣራ ላይ።»

«ማን አየህ?»

«እርግቦች።»

«እኔ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ» አለ ረስክ ሳይጠየቅ።

ሎሬታ የኤመትን ቁልፍ ከአንገቱ ፈታች። ስሙ በተንጠለጠለበት ጓጉንቸር ውስጥ ከተተችው። አልዞረም።

ሁሉንም በብሬከሩ ሳጥን ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ኤመት ሦስቴ ፈትሿል፤ ሲጀምር ሽቦው ኃይል አልነበረውም ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ጓጉንቸሩን ቆርጦ ብሬከሩን አበራ። ኤመት ሲወድቅ ደነገጠና የኤመት ስሕተት እንዲመስል የስም ካርዱን በሌላ ጓጉንቸር አጠገቡ ባለው ብሬከር ላይ ሰቀለው። ይኼ ጓጉንቸር የኤመት አይደለም። ቁልፎቻችሁን አምጡ።»

የቲዮ አልዞረም።

«የኔ መኪና ውስጥ…» አለ ረስክ።

«አንገትህ ላይ ነው።»

ሸሪፉ እጁን ዘረጋ። ቁልፉ ገባ፤ ቀጭ አለ፤ ጓጉንቸሩ ተከፈተ።

«አንተ ጅል!» ጮኸ ቲዮ። «የራስህን ትሰቅላለህ?»

«ጅል አይደለም» አለች ሎሬታ። «ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጓጉንቸር ሲቆርጥ ኖሮ፣ በቁልፍ የሚሞክር ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።»

«እህቴ፣ ለዶሮው ብዬ እኮ ነው… መሰላሉ ላይ መኖሩን አላወቅሁም…»

«ጓጉንቸሩ ነገረህ። ለዚያ ነው የሚሰቀለው።»

መኪናዋ ድረስ ሄዳ ቆርቆሮውን አመጣች። ሰባቱን ቁርጥራጮች ከተገመጠው ዶናት አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ጻፍ፣ ሸሪፍ። ከመጀመሪያው ጀምር። አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የኔንም ስም ጻፍ።»