ከሦስተኛው በፊት አራተኛው ጥቅል

የሰደበኝ የትኬት ቆራጯ ወንድም ነው። ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ የሲኒማ ቤቱ ደረጃ ላይ። ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ሰዓቱን ግን አልረሳሁም።

እኔ ፊልም የሚያሳየው ማሽን ላይ እሠራ ነበር፤ እሱ ስለ ፊልም ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። የጻፈውን ቆርጬ ከበሩ መስታወት ላይ የምለጥፈውም እኔው ነኝ። የዚያን ቀን ጋዜጣውን ይዤ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ‹ህላዌያዊ ጭንቀት› ያሏት ምንድን ናት?» አልኩት።

«አንተ ማሽንህን ዘይት ቀባ» አለኝ። «ላንተ ብዬ አልጻፍኩትም።»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው መሳቂያ መሆን ይለምዳል ይላሉ። አይለመድም።

ትኬት ቆራጯ እህቱ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ጋዜጣና ደብተር ይዛ ወደ ማሽን ክፍሉ ወጣች።

«እኔም አይገባኝም» አለች። «ብጠይቀው ይቆጣኛል። እስቲ ለሁለት እንሞክረው።»

ከዚያ ወዲያ በሁለት ፊልም መካከል ያለችው ግማሽ ሰዓት የእኛ ሆነች። መዝገበ ቃላቷ አሮጌ ነው፤ ከ«ወ» ወዲያ ያለው ገጽ ተገንጥሏል። የጎደለውን በግምት እንሞላለን።

«‹ድባብ›ስ ምን ይሆን?» አልኳት አንድ ቀን።

«እናቴ ስታኮርፍ ቤታችንን የሚሞላው ነገር ይመስለኛል።»

«እንግዲያው አውቀዋለሁ፤ እኛም ቤት ነበረ።»

ሳቀችና እንዳለ ደብተሩ ላይ ጻፈችው። እጄ ከእጇ አጠገብ ነበር። አላነሳሁትም፤ እሷም አላነሳችም።

አንድ እሑድ አራት ጊዜ አሳይቼ ዝዬ ሳለ፣ ከሦስተኛው የፊልም ጥቅል በፊት አራተኛውን ገጠምኩ። የፊልሙ ሰውዬ ሞቶ ተቀበረ፤ ቀጥሎ ቁጭ ብሎ ጢሙን ተላጨ። ከአዳራሹ አንድም ሰው አልጮኸም። ወንድሟም ፊት ወንበር ላይ ነበር።

ዓርብ ጋዜጣው ወጣ፦ «የጊዜን ሰንሰለት የበጠሰ፣ ትንሣኤን በጢም መላጫ የተረከ ረቂቅ ጥበብ!»

ጽሑፉን ለመፍታት ሁለት ቀን ፈጀብን። ሲገባት ደብተሩ ከእጇ ወደቀ።

«ወይኔ! አንተ እኮ ነህ! ያንተ ድካም ነው!»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ማሽኑ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

«ለማንም እንዳትናገር» አለች ቀና ሳትል። «የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ከሰማ ያባርረዋል። እናቴም እኔም የምንኖረው በሱ ብዕር ነው።»

«አልናገርም» አልኳት።

በወሩ ሸሚዜን ተኩሼ እቤታቸው ሄድኩ። አባት ስለሌላት ለጋብቻ የሚጠየቀው ወንድሟ ነበር። እንዳጋጣሚ ዋና አዘጋጁ እንግድነት መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ እናትየው ጥግ ይዘዋል።

ጉዳዬን ስናገር ወንድሟ ወደ እንግዳው ዞሮ ሳቀ።

«ጥቅል ከመግጠም ሌላ ምን ያውቃል ብለህ ነው?» ከዚያ ወደ እኔ፦ «ያን የጢም መላጫውን ፊልም አሳይተኸዋል አይደል? በል፣ እኔ ከጻፍኩት አንዲት ነገር አርመኝና እህቴን ውሰዳት!»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ መዝገበ ቃላትም አይፈልግም። አዘጋጁ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

እሷ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ተናገርም አትናገርም አላለችኝ፤ ዓይኖቿ ብቻ ከእኔ ተነሥተው ወደ እናቷ ሄዱ፤ እዚያው ቀሩ።

«ምነው? ቃል አጠረህ?» አለ ወንድሟ።

ኮቴን ከወንበሩ አነሳሁ። እናትየውን ጎንበስ ብዬ ተሰናበትኩ፤ በሩ ላይ በቆመችው በእሷ አጠገብ አለፍኩና ደረጃውን ወረድኩ።