የረገበው ባሌስትራ

አያልነህ ሞቶ የተገኘው በ1956 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በአንድ ዓርብ ምሽት፣ ከርብ ድልድይ ወደ ወረታ ሲመጡ ከመንገዱ ዳር ባለ ቄጠማ ውስጥ ነበር። ሁለቱም ቅልጥሞቹ ተሰብረዋል። ዝናቡ የጎማውን ዱካ ሙልጭ አድርጎ አጥቦታል። ሚስቱ ይርገዱ የምታውቀው ጎህ ሳይቀድ የጠፋች ላም ሊፈልግ መውጣቱን ብቻ ነው።

መኪና እንደ ገጨው ያልገባው ሰው አልነበረም። ጎርፍ መንገዱን ከሐሙሲት ወዲያ ስለ ቆረጠው በዚያ ቀን አውቶቡስም ካሚዮንም አላለፈም፤ የተመላለሰው የግራዝማች ደሳለው ላንድሮቨር ብቻ ነው። ሾፌሩ ማረው ደግሞ ከሰዓት በኋላ በዚሁ መንገድ ሲከንፍ ታይቷል። ወዲያው ታሰረ። የአገሬው አፍ እንደሆነ ፍርዱን ጨርሶ ሰቅሎታል።

ግራዝማች ግን የአገሩ ሹም ናቸውና «ሥርዓቱ ይሟላ» ብለው አውጫጭ ጠሩ። የአጥቢያው ሰው በሙሉ ከሾላው ሥር ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ ወጥቶ እስኪናገር ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እንግዲህ በሰኔ ገበሬን አግቶ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው! መሬቱ ርሶ በሬው ያለ ሥራ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ሰማዩን እያየ ይቁነጠነጣል።

ከጎንደር የተላከው የፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ አዛናውም ከነሱ አይሻልም። መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሲያስብም ሲጠይቅም ይዞራል። ሬሳው ሳይቀበር ከተረከዙ እስከ ስብራቱ ድረስ በዱላ ለክቶ ዱላው ላይ ምልክት ቆረጠ። የሟቹን መዳፎች ገልጦም ብዙ አየ፤ ምን እንዳየ ግን ለማንም አልተናገረም።

መጀመሪያ ማረውን አስጠራው።

«ምን አስከነፈህ?»

«አዲሱን ባሌስትራ፣ መኪናዪቱን ከሥር የሚሸከማትን ብረት ልሞክር ነዋ፣ ጌታዬ! አሮጌው ረግቦ መኪናዪቱ ጉድጓድ ባየች ቁጥር ትሰግድ ነበር። ፍሬን ሲይዟትማ አፍንጫዋ መሬት ሊነካ! ግራዝማችን ስንት ጊዜ ለምኜ ወፍራሙን፣ ለሩጫ የሚሆነውን አስመጣሁ። ንጥረቱን የሚያበርደው አሞርዛተሩም አብሮ ተቀየረ። አሁን ቢረግጧት ንቅንቅ አትልም።»

«አያልነህን አይተኸዋል?»

«በማርያም አላየሁትም! እናቴ ከኔ ሌላ ቀባሪ የላትም፤ እባክዎ ይድረሱልኝ።»

መቶ አለቃው ሦስቴ ዞረና ወደ ወረታው መካኒክ ወደ አቶ ገብረማርያም ሄደ።

«መኪናውን ማን አመጣልዎ?»

«ራሳቸው ግራዝማች። ከርብ ማዶ ይፋግ አድረው፣ እየነዱ መጥተው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስረከቡኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ክሪክ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከዚያ ማረው ወሰደው።»

«አሮጌው ባሌስትራስ?»

«ያውና ጥጉ ላይ። ግራዝማች ‹ዛሬውኑ ለቀጥቃጭ ስጠው፣ ማረሻ ያውጣበት› ብለውኝ ነበር፤ ቀጥቃጩ ግን አልመጣም።»

ግራዝማች ደግሞ በሾላው ጥላ ሥር በወንበራቸው ተቀምጠዋል።

«አያልነህን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው፣ ግራዝማች?»

«ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ላሙን እየፈለገ ወደ ርብ ሲወርድ ሰላምታ ተለዋውጠናል። ምስኪን!»

«በእግሩ እየሄደ?»

«በእግሩ ነዋ! በምን ሊሄድ ኖሯል?»

ሰኞ ጠዋት መቶ አለቃው መንገዱ ላይ እንጨት አስተከለ። የላንድሮቨሩን የፊት ብረት ኖራ ቀባና ማረውን ፈታው።

«ንዳ፤ እንጨቱ ጋ ስትቃረብ ፍሬን ያዝ።»

መኪናው እንጨቱን ገጭቶ ቆመ። መቶ አለቃው ዱላውን አስጠግቶ ለካ። ኖራው እንጨቱ ላይ ያረፈው ከምልክቱ ስንዝር ሙሉ ከፍ ብሎ፣ ከሰው ጉልበት በላይ ነበር።

«አሁን አሮጌውን መልሰው ይግጠሙልኝ» አለ አቶ ገብረማርያምን።

«ኧረ በሬዎቻችን!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። ሰዓቱ አልገፋ አለ። መቶ አለቃው ከሁሉም ብሶ ሾላውን ሲዞር ዋለ፤ ግራዝማችም ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ማረው እንደገና ነዳ። ፍሬን ሲይዝ የመኪናው አፍንጫ ተደፋ፤ ኖራውም ልክ ከዱላው ምልክት ላይ ዐረፈ።

ያን ጊዜ መቶ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ባለበት ቆመ።

«አያልነህ የተገጨው ባሌስትራው ሳይቀየር ነው። ማረው መሪውን የጨበጠው ከተቀየረ በኋላ ነው። አቶ ገብረማርያም ሲረከቡ መኪናው በቀጥታ ክሪክ ላይ ወጣ። በአሮጌው ባሌስትራ ከይፋግ እስከዚህ የነዱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እኚሁ ሰው፣ ጠዋት ቅልጥሙ የተሰበረን ሰው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእግሩ ሲሄድ አየሁት አሉኝ።»

«ድንገት ነው!» አሉ ግራዝማች። «ገና አልነጋም ነበር፣ ከፊቴ ድቅን አለብኝ!»

«አውቃለሁ። ፍሬን ይዘዋል፤ ባይዙ ብረቱ እዚህ ድረስ ባልወረደ። ሊያድኑት ፈልገው ነበር፤ በዚህ ማንም አይፈርድብዎም። ከዚያ ግን ጎትተው ቄጠማ ውስጥ ጣሉት። ሁለቱም መዳፎቹ የተነጨ ቄጠማ ጨብጠዋል፤ ወደ መንገዱ ሊመለስ እየዳኸ ነው የሞተው። መኪናው በእጅዎ፣ ሐኪሙ ጎንደር ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ የሰው ልጅ ሊያሰቅሉ ሕዝብ ሰበሰቡ።»

ማረው መሬት ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ። ሲቁነጠነጥ ከሰነበተው ሰው ሁሉ ቤቱ መሄድ የፈለገ አልነበረም። ይርገዱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ግራዝማች ፊት ቆመች።

«ሲተዉት ምን አለ?»

ግራዝማች አንገታቸውን ደፉ።

«‹ይርገዱን ጥሩልኝ› አለኝ።»

«ቤቴ እኮ ከዚያ ይታያል» አለች። «አንድ ጊዜ ቢጠሩኝ እሰማ ነበር።»