የሳሙናዋ ሴት

ግድግዳው ነጭ ሆኗል።

ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከአሮጌው ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ክው ብላ ቀረች። እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ለብሳ፣ ሳሙናውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ግድግዳው ላይ ተስላ ወደ መንገዱ ቁልቁል የምትስቀው ሴት የለችም። ሁለት ቀለም ቀቢዎች መሰላላቸውን ያጣጥፋሉ። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን የዕቃ መጋዘን ሊሆን ነው።

«እሰይ! ጥርሰ ወላቃዋ ተገላገለች» አለች ጮሌ።

ጮሌ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ መላ አታጣምና ይህን ስም አወጡላት። የሴትዮዋ የፊት ጥርስ ቀለሙ ከተላጠ ወዲህ በዚያ ባለፉ ቁጥር መሳቂያቸው ነበረች። ልጅቷም አብራ ስትስቅ ከርማለች። ሴትዮዋ የእናቷ እናት፣ አሁን በሕይወት የሌሉት አያቷ መሆናቸውን ግን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

ወንድ አያቷ የዚያ ሲኒማ ቤት ሰዓሊ ነበሩ። የፊልም ማስታወቂያዎቹን ፊልሙን ሳያዩ፣ ከትንሽ ፎቶ ተነስተው ሸራ ላይ ይስሉ ነበር። አንድ ጊዜ ወንበዴውን ጀግናው መስሏቸው አግንነው ስለውት፣ ተመልካቹ ለወንበዴው ሲያጨበጭብ አመሸ። ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። የሳሙናውን ማስታወቂያ የሳሉት ግን ከፎቶ አልነበረም። ገና ያገቧትን ሚስታቸውን ፊታቸው አቁመው ነው።

ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ «ግድግዳው ሳይነካ ፎቶ አንሺልኝ» አሏት። እሷም ነገ ዛሬ ስትል ሰነበተች። ከጓደኞቿ ፊት ስልኳን ደቅና ብታነሳ «ምንሽ ናት?» መባል አለ። እሁድ ዕለት ደግመው ሲጠይቋት፣ «አንስቻለሁ፤ አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ» ብላ ቀጠፈች።

«አባባ ናቸው የሳሏት» አለች አሁን። «ፎቶዋን አምጪ ብለውኝ ነበር።»

ጮሌ ትከሻዋን ሰበቀች። «አታካብጂው ባክሽ! ኢንተርኔት ላይ የድሮ የሳሙና ማስታወቂያ ሞልቷል። ዓይናቸው ደክሟል ብለሽኝ የለ? አንዱን አሳዪያቸውና ተገላገዪ።»

ቤት ስትገባ አያቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከኢንተርኔት ያገኘችውን ማስታወቂያ ከፍታ ስልኩን ሰጠቻቸው። አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አዩት። አራቁት። እንደገና አስጠጉት።

«አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «እሷን አልመስል አለችኝ እኮ። ፊቷን ረሳሁት ማለት ነው?»

ዝም ብትል ያልፋል። ዓይናቸውን ያማሉ፣ እርጅናቸውን ያማሉ፣ ያልፋል።

«አልረሱም አባባ። እሷ አይደለችም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ነጩን ቀለም፣ የእሁዱን ቅጥፈት፣ ሳቁንም ጭምር።

«አንቺም ሳቅሽ?» አሉ።

«አዎ።»

ቢቆጧት በተሻላት። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ይቅርታ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ራሷን ለማቅለል ብቻ ልትለው መሰላትና ዋጠችው።

«አንቺ! አትወጪም እንዴ?» አለች ጮሌ ከደጅ።

«ዛሬ አልወጣም!»

በርጩማዋን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ብርሃኑን ጋረድሽኝ» አሉ አያቷ።

ትንሽ ፈቀቅ አለችላቸው እንጂ አልተነሳችም።