ረምላ ኩላሊቷን ያየች ቀን

ረምላ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ደሴ ነው።

ኩላሊቷ ከታመመ ቆይቷል። ጠዋት ስትነሣ ዓይኖቿ ያብጣሉ። በየቀኑ መድኃኒቷን ዋጥ ታደርጋለች።

ዛሬ እናቷ ሆስፒታል ወሰደቻት። ዶክተር ትብለጥ ኩላሊቷን ሊያዩላት ነው።

ረምላ ግን መርፌ ትፈራለች። የእናቷን ሻርፕ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«ያማል?» አለች።

«አያምም» አሉ ዶክተሯ። «ይሄ መሣሪያ አልትራሳውንድ ይባላል። ሳይወጋ፣ ሳይቀድ ውስጥሽን ያያል።»

«የሚያሳየን ሥዕል ጥርት ካለ ዛሬ መርፌ አያስፈልግሽም። ጥርት እንዲል ግን ትንፋሽሽን ይዘሽ፣ ሳትነቃነቂ ትተኛለሽ» አሉ ቀጥለው።

ረምላ አልጋው ላይ ወጥታ ተኛች። ዶክተሯ ጎኗ ላይ ቅባት ጨመቁ። ፕርርር!

«ይቀዘቅዛል። ያማል?» አለች ረምላ።

«አያምም። አሁን አየር ሳቢ... ያዢ!»

ረምላ አየር ሳበች። መሣሪያው ጎኗን ኮረኮራት። ኪኪኪኪ! ሳቀች።

ሥዕሉ እንደ ደፈረሰ ውኃ ሆነ።

«እንደገና» አሉ ዶክተሯ። «አየር ሳቢ... ያዢ!»

አንድ፣ ሁለት... እንጥሽ! አስነጠሳት። ሥዕሉ ጠፋ።

የረምላ ዓይኖች እንባ ሞሉ። «አልቻልኩም» አለች ቀስ ብላ።

እናቷ እግሯን ዳበሰቻት። «እኔም ካንቺ ጋር ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ረምላዬ። አብረን እንሞክር።»

«አየር ሳቡ... ያዙ!» አሉ ዶክተሯ።

እናትና ልጅ ጉንጫቸውን ነፉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

አምስት ላይ እናቷ ኡፍፍፍ አለች።

ረምላ ግን አልተነፈሰችም። አልሳቀችም። አልተነቃነቀችም። ስድስት። ሰባት። ስምንት።

«ተንፍሺ» አሉ ዶክተሯ። «ሥዕሉ ጥርት ብሏል።»

ረምላ ቀና ብላ አየች። የመሣሪያው መስኮት ላይ አንድ ትልቅ አደንጓሬ የመሰለ ነገር አለ።

«ይሄ ኩላሊትሽ ነው» አሏት።

«እኔ ውስጥ ያለው?»

«አንቺ ውስጥ ያለው።»

ዶክተሯ ኩላሊቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩት። ካምናው ሥዕል ጋር አስተያዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«አድጓል» አሉ። «ሕመሙ ገና አልጠፋም፤ መድኃኒትሽን ትቀጥያለሽ። ኩላሊትሽ ግን ካንቺ ጋር እያደገ ነው። ዛሬ መርፌ የለም።»

እናቷ ጥምጥም ብላ አቀፈቻት። ቅባቱ ቀሚሷን ነካው፤ ግድ አልሰጣትም።

ረምላ ደረቷን ነፍታ ከሆስፒታሉ ወጣች። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ እያለች ሄደች።

ማታ አያቷ መኝታዋ አጠገብ ቁጭ አሉ። «አመመሽ ወይ፣ ልጄ?»

«አያምም። ኩላሊቴን አየሁት፣ አባባ። እርስዎ የራስዎን አይተው ያውቃሉ?»

አያቷ ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ኖሯል። አንድ ቀን አላየሁትም።»

«እኔ አየሁት» አለች ረምላ።

ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። ፈገግ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።