ትራሷ ግርጌ የተገኘው ደራሲ

ኢርምጋርድ ሆልትሰር ሞታም ለሰው አልተመቸችም። ስቶክሆልም ዳር ሃግሴትራ በሚገኘው አፓርታማዋ የተገኘችው ትራሷ ወደ ግርጌ ዞሮ፣ እግሯ ወደ ራስጌው ተዘርግቶ ነበር። ዐይኗ ተከድኗል፤ አገጯ በገዛ ሻርፗ ታስሯል። ሐኪሙ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ በትራስ ታፍና እንደ ሞተች ተናገረ።

ዐሥራ ሁለት ልቦለድ ጽፋለች፤ ሁሉንም በጀርመንኛ። ስቶክሆልም አርባ ዓመት ኖራ በስዊድንኛ አንድ መስመር አልጻፈችም። ቆማ፣ በእርሳስ፣ የምታውቀውን ሰው ሁሉ እየናቀች ነበር የምትጽፈው። የተሸለመችውን ሜዳልያ የአበባ ማሰሮ ማስደገፊያ አድርጋዋለች። ሊያወድሷት የሚመጡትን በር ላይ ቆማ ትሰማና «ጨረሳችሁ?» ትላለች። ክፉ ነበረች እንዳትሉ፤ የሚመጡባትን ብታዩ እናንተም ሜዳልያውን ትወረውሩባቸው ነበር።

ምርመራው ለኢንስፔክተር ዲቦራ ሐዋዝ ተሰጠ። ባልደረባዋ ላርስ ግን ገና ደጃፍ ላይ ሆኖ ጨርሶታል።

«አገጭ ማሰር የእናንተ አገር ልማድ አይደል? የምትረዳት ሴት ኢትዮጵያዊት ናት። አለቀ።»

«ላንተ ሁሉም ነገር ቶሎ ያልቅልሃል» አለችው።

ሴትየዋ ብርቅአየሁ ትባላለች። ስድሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ሄምትየንስት በሚባለው የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ተቀጥራ አረጋውያንን በየቤታቸው ታጥባለች፣ ታበላለች። ማእድ ቤት ውስጥ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ተቀምጣለች።

«እትዬ ብርቅአየሁ፣ አገጯን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«አልነካኋትም ልጄ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ስገባ ደርቃለች። ደንቡ አትንኩ ይላልና ደወልኩ። ትናንት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ስወጣ ደህና ነበረች፤ ትራሷም ራስጌ ነበር።»

«ቤተ ክርስቲያንዎ የት ነው?»

«ፊቲያ፣ ከጴንጤዎቹ ጋር። አባቴም ወንጌላዊ ነበሩ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?»

ብርቅአየሁ እንባዋ መጣ። «ሥራዬን አጣለሁ፤ ከምንረዳቸው ሰዎች ጋር የግል ጉዳይ አይፈቀድም» አለችና አንድ ደብተር አወጣች። በተንጋደደ የአማርኛ ፊደል ተሞልቷል። «አስተምሪኝ አለችኝ። አራት ዓመታችን ነው፤ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። የትናንቱን ለማረም ይዤው ሄድኩ፤ አልከፈትኩትም።»

ዲቦራ የመጨረሻውን ገጽ አነበበችና ደብተሩን ኮቷ ኪስ ከተተችው።

ከሰዓት አሳታሚዋ አኒካ መጣች፤ የጠየቀችው ያልታተመው ጽሑፍ መቼ እንደሚሰጣት ብቻ ነው። ቀጥሎ የኢርምጋርድን አራት መጻሕፍት ወደ አማርኛ የመለሰው ዕንባቆም ደረሰ፤ ስለ ሐዘኑ ለሬድዮ ተናግሮ ሲያበቃ መሆኑ ነው። አቤት ሐዘን!

«ትናንት የት አመሹ ጋሽ ዕንባቆም?»

«አካላ ሰፈር፣ ቤቴ፣ ብቻዬን። የሚያስብ ሰው ብቻውን ነው የሚያመሸው።»

«ጀርመንኛውን የት ተማሩት?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ቅኔ ቤት ያደግሁ፣ በዲቁናዬ ሙት ስገንዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀርመንኛ ምን ይከብደኛል?»

«ትርጉምዎን ወዳው ነበር?»

«ፊደል ሳትለይ በምኗ ትወደዋለች? እንዲሁ አምናኝ ነው።»

ዲቦራ ወደ መኝታ ቤቱ ተመለሰች። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ከራስጌው በላይ ነው። መደርደሪያው ላይ ሦስት የአማርኛ መጻሕፍት ቆመዋል፤ የአራተኛው ቦታ አቧራ የለበትም።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ላርስ ስለ ልማዱ ልክ ነው። ግን አገጭ የሚታሰረው ገላ ሳይደርቅ ነው፤ ስለዚህ ያሰረው ገዳዩ ነው። አኒካ ልማዱን አታውቀውም» አለች። አኒካ ስልኳን ታያለች። «አሁን ትራሱ። ራስጌው ያለው በምሥራቅ በኩል ነው፤ ሴትዮዋ የምትተኛው እግሯን ወደ ምዕራብ አድርጋ ነበር። ኦርቶዶክስ ሙቱን ራሱን በምዕራብ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ያጋድማል። ገዳዩ ሲገንዝ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲያ ሆና ሊተዋት እጁ አላስችል ብሎት አዞራት። እትዬ ብርቅአየሁ ከወንጌላዊ ቤት የወጡ ናቸው፤ አቅጣጫ አይቈጥሩም።»

ዕንባቆም ሳቀ። «ምሥራቅና ምዕራብ ቈጥረሽ ልትከሺኝ ነው? ምን አድርጋኝ ልግደላት?»

«የእርስዎ አንድ ትርጉም ከመደርደሪያው ጠፍቷል፤ እርማቷ ያለበት ነውና ገዳዩ ወስዶታል። ኢርምጋርድ አማርኛ ታነብ ነበር። የዘለሏቸውን ምዕራፎች ቈጥራለች፤ ጀርመንኛ እንደማያውቁ፣ ከስዊድንኛው እንደ ገለበጡም ደርሳበታለች። ዐርብ ለሁሉም ልትናገር ነበር፤ በእጇ በአማርኛ ጽፋዋለች።»

ሰውየው ስዊድንኛውን ትቶ በአማርኛ ጮኸ። «እሷ ናት የምታርመኝ? ከአንዲት ሽንት ጠራጊ ፊደል የቈጠረች አሮጊት!»

አኒካ ከስልኳ ቀና አለች።

«ከማን እንደ ተማረች አልተናገርኩም» አለች ዲቦራ። «ትናንት ፊደል አትለይም ብለውኛል። ሚስጥሩን የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ እኔ የሰማሁት ትናንት ጠዋት ነው። ለእርስዎ ማን ነገረዎት? ራሷ ናት፤ ያን ምሽት፣ እዚህ ቤት።»

 ዕንባቆም ከወንበሩ ተነሥቶ «የእኔን ስም ፍቃ የጠራጊዋን ልታጽፍ!» አለ። «በሽፋኑ ላይ! በእኔ መጽሐፍ!»

የእሱ መጽሐፍ! ላርስ እጁን ሲያስረው እንኳ በዚያ ቃል አላፈረም።

ብርቅአየሁ ደንግጣ ቀረች። «የእኔን ስም?»

ዲቦራ ደብተሩን አውጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ይህ ማስረጃ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ማወቁ አይቀርም። አዝናለሁ።»

«ይወቁ» አለች ብርቅአየሁ፤ ቦርሳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከደረቷ አወረደችው። «አንዴ አሳዪኝ። የመጨረሻውን ገጽ አላረምኩላትም።»

መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ትርጉሙን እኔና ብርቅአየሁ እንደገና እንሠራዋለን። ስሟ ከስሜ ጎን ይጻፍ» ይላል ማብቂያው።

«ስህተት የለውም» አለችና አለቀሰች።