የምስር ቆርቆሮ ውስጥ ያለችው ቫልቮላ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ ጣሪያ ላይ ሰው ሄደ ብለው ሲጨነቁ ድመት ነው ብዬ የምተኛ ነኝ፤ የምፈራው እሳት ብቻ ነው። ከመተኛቴ በፊት የጋዝ ሲሊንደሩን ሦስት ጊዜ አያለሁ፣ ሶኬት ሁሉ እነቅላለሁ፣ ልጆቼ ይስቁብኛል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ እንደሆነው ብቻ ነው የምነግራችሁ።

የባለቤቴ አባት ኦቦ ጉተማ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሞቁ ነበር፣ አንድ ቀን የጋቢያቸው ጫፍ ጠቁሮ አገኘሁትና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ የድሮው የመብራት ሳጥናችን ለየክፍሉ አንዳንድ ቫልቮላ፣ ፊውዝ የሚሉት፣ ነበረው፣ ሲመሽ የእሳቸውን ፈትቼ የምስር ቆርቆሮ ውስጥ እደብቃለሁ፣ ምድጃውም መብራቱም ይጠፋል። ባለቤቴ ዱከም ፋብሪካ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመልሳታለሁ።

አባባ የሳሎኑን ብርሃን በመስኮት እያዩ፣

"የእናንተ አለ እኮ ልጄ?" ይሉኛል።

"የእርስዎ ክፍል ፌዝ ሄዶ ነው አባባ፣ ይመጣል።"

"ቶሌ፣ እጠብቃለሁ።"

ያምኑኝ ነበር፣ ይኸው ነው አንገቴን የሚያስደፋኝ። ብርድ ልብስ ደርቤላቸው፣ ጨለማ ውስጥ ትቻቸው እወጣለሁ። እሳቸው ደግሞ የድሮ ሰው ናቸው፣ ማታ መብራት ሲበራ፣ አብረን ስንጫወት ብንውል እንኳ "እንደምን አመሻችሁ" ሳይሉ አያልፉም፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ይህን የሚሉት ቅዳሜ ብቻ ሆነ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈው አገኘኋቸው። ልብ ነው ተባለ። ከለቅሶው በኋላ ክፍሉ ተቆለፈ፣ እኔም ቫልቮላዋን ልመልስ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ከወራት በኋላ ባለቤቴ ሳጥኑ አርጅቷል ብሎ ኤሌክትሪሺያን አመጣ። ቀን ነው እኮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ወለል ብላለች። ሰውየው አሮጌውን እየፈታ፣

"እትዬ፣ ይቺ ቦታ ባዶ ናት፣ ቫልቮላዋ የት ገባች?" አለኝ።

"ተቃጥላ ጣልናት።"

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። "የአባቴ ክፍል? መቼ?"

"ቆየች" አልኩና ወደ ጓዳ ልገባ ተነሳሁ።

ሰውየው አዲሶቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ ከፍ አደረገ። የመጨረሻው ጠቅ ሲል ከተቆለፈው በር ሥር ብርሃን ወጣ፤ ማብሪያውን ማንም አላጠፋውም ነበር ለካ፣ አባባ ይመጣል ብለው እንደተጫኑት ነው። ከዚያ አልጋው ሲጢጥ አለ። ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣

"እንደምን አመሻችሁ።"

እመኑኝ፣ ብቻዬን ብሰማው ኖሮ የሕሊናዬ ነው ብዬ እተወው ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ካቻቢቴውን እንደያዘ ወደ በሩ ጎንበስ ብሎ፣

"እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ፣ እርስዎስ?" ብሎ መለሰ፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ሳቀ። "በዘጠኝ ሰዓት አመሻችሁ ይላሉ! ምነው ሽማግሌውን በቀን ቆለፋችሁባቸው?"

ባለቤቴ ቁልፉን አምጥቶ ከፈተ። ባዶ አልጋ፣ የበራ አምፖል፣ ሌላ ምንም። ደጃፉ ላይ ቆሞ አምፖሉን አየ።

"አባቴ እንዲህ የሚለው መብራት ሲመጣ ነበር" አለ። "ጠፍቶበት ነበር እንዴ?"

"እኔ አላውቅም" አልኩት።

ይኸው እስካሁን አላውቅም እንዳልኩ ነኝ። ያንን ብሬከር ማንም አያወርደውም፣ አምፖሉ ቀንና ሌሊት ይበራል፣ እሳት ፈሪዋ እኔም አጥፉት አልልም። ቫልቮላዋን ግን መጣል አቃተኝ፣ ምስር ስሰፍር ጣሳው ላይ ኳ ትላለች፣ ያኔ እጄን አቁሜ ወደዚያ ክፍል አዳምጣለሁ። ሰላምታቸውን የመለሰላቸው እንግዳ ሰው ነው፤ እኔ ገና አልመለስኩም።